«ቆይ፣ ይረክሳል»፦ ክሩዝ ቀድሞ ስለመያዝ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሲያትል ለምንኖር ሐበሾች የአላስካ ክሩዝ፣ ማለትም የመርከብ ሽርሽር፣ ደጃችን ላይ ነው። ሰመሩን ሙሉ መርከቦቹ ከከተማችን ወደብ ይነሳሉ። ታዲያ ገና በጥር «እንያዝ» ባልኩ ቁጥር የሚሰጠኝ መልስ «ቆይ፣ ሊነሳ ሲል በግማሽ ዋጋ ይሸጡታል» ነው።

«መጨረሻ ላይ ይረክሳል»

አንዳንዴ እውነት ነው። ባዶ የሄደ ክፍል ለኩባንያው ገቢ አያስገባም፣ ስለዚህ የተረፈውን በቅናሽ ይለቁታል። ፍሎሪዳ የሚኖሩ፣ መኪናቸውን ነድተው ማያሚ ወደብ የሚደርሱና የትኛውም መርከብ የሚስማማቸው ባልና ሚስት ቢጠብቁ ይጠቀማሉ። ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ለሚጠብቅ ባለ ልጅ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሦስትና አራት ሰው የሚይዙ ክፍሎች ጥቂት ናቸው። በዚያ ላይ የሕይወት አድን ጀልባዎች ቦታ የተቆጠረ ስለሆነ፣ በመርከቡ አንድ ወገን ያለው ቁጥር ከሞላ ባዶ ክፍል እያለ እንኳ ለአራት ሰው አይሸጡም።

የወንድሜ ሚስት አምና እስከ ግንቦት ጠበቀች። ያገኘችው ሁለት ባለ ሁለት ሰው ክፍል ነበር፣ ያውም በተለያየ ፎቅ። ለሦስተኛና ለአራተኛ ሰው የሚደረገው ዝቅተኛ ዋጋም አመለጣት። በመጀመሪያው ምሽት ትንሹ ልጅ ትራሱን አቅፎ ወደ እናቱ ለመሄድ ሊፍት ሲጠብቅ አገኘሁት።

አላስካ ላይ ሌላም ምክንያት አለ፦ ግሌሸር ቤይ ብሔራዊ ፓርክ በቀን ከሁለት በላይ ትልልቅ የክሩዝ መርከብ አያስገባም። እዚያ የሚያልፈውን ጉዞ የሚፈልግ ሰው ብዙ ምርጫ የለውም።

«ከአሜሪካ ተነስቶ አሜሪካ ይመለሳል፣ ወረቀት አያስፈልግም»

ይሄኛው በጣም ያሳስበኛል። በ1886 በወጣ የአሜሪካ ሕግ ምክንያት የውጭ አገር ባንዲራ የሚያውለበልብ መርከብ ከሲያትል ተነስቶ ለመመለስ የውጭ ወደብ መንካት አለበት፤ ብዙዎቹ ካናዳ፣ ቪክቶሪያ ላይ ይቆማሉ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ጊዜው ያላለፈበት ፓስፖርቱንና ካርዱን ከያዘ የካናዳ ቪዛ አይጠየቅም። ሌላው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያዥ ግን ቪዛ ያስፈልገዋል፣ እሱም በሁለት ሳምንት ይደርሳል ብሎ መተማመን አይቻልም። የጥገኝነት ጉዳያችሁ ያላለቀ ደግሞ እባካችሁ መጀመሪያ ጠበቃችሁን ጠይቁ። ከመርከቡ ባትወርዱም ከአሜሪካ ወጥታችኋል።

ለሜዲትራኒያን ክሩዝ ግሪን ካርድ የሸንገን ቪዛን፣ ማለትም የብዙ አውሮፓ አገሮችን የጋራ ቪዛ፣ አይተካም። ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ጀምሮ ቢዘገይ 15 ቀን እስኪቀር ድረስ ይገባል። የመጨረሻ ሰዓት ቅናሽ የሚጠብቅ ሰው ይህን በምን ጊዜ ያደርሰዋል?

«የወጣው ዋጋ ሁሉንም ያካትታል»

አያካትትም። ለመርከቡ ሠራተኞች የሚከፈለው ጉርሻ ብቻ በብዙ መርከቦች ለአንድ ሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ ነው፤ ለአራት ሰው በሳምንት ከ448 እስከ 560 ዶላር ይመጣል። ከዲሲ ወይም ከሚኒሶታ የምትመጡ የአውሮፕላኑንም ጨምሩበት። እሱ ደግሞ ቀኑ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ ይወደዳል።

«ቀድሞ የያዘ፣ ዋጋው ቢወርድ ከሰረ»

ሰውን በከንቱ የሚያስጠብቀው ይሄ ነው። ቀድሞ ሲያዝ የሚከፈለው ቀብድ ነው። ቀሪው የሚከፈልበት ቀን እንደ ኩባንያው ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ ከጉዞው ሦስት ወር ገደማ በፊት ነው። እስከዚያ ቀን ያንኑ ዓይነት ክፍል በርካሽ ካያችሁት፣ ብዙ ኩባንያዎች ደውላችሁ ስትጠይቁ በአዲሱ ዋጋ ያስተካክሉላችኋል። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ቡና እስኪፈላ ዋጋውን አይቼ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። አንድ መጋቢት ላይ 240 ዶላር ወርዶ አግኝቼ በአንድ ስልክ አስተካክለውልኛል።

ሁለት ነገር ግን አስቀድማችሁ አንብቡ። ቀብዱ የሚመለስ ነው ወይስ አይደለም? አዲሱን ዋጋ ስትወስዱስ ከድሮው ጋር የመጣው ነፃ ዋይፋይ ወይም መርከቡ ላይ የምታወጡት የስጦታ ገንዘብ ይቀርባችኋል? ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ የድሮውን መተው ላያዋጣ ይችላል።

ዘንድሮ የወንድሜ ሚስት በኅዳር ባለ አራት አልጋውን ክፍል ይዛለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እሷም ዋጋ ማየት ጀምራለች።