ስፔክን ከፍላጎት ማውጣት ምንድን ነው?

ደብረ ማርቆስ፣ እኛ ሰፈር፣ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። በመጣ ጊዜ ሮቶውን የሚሞላ ፓምፕ አለን። እሱን የሚያበራና የሚያጠፋ ትንሽ ፕሮግራም ልጽፍ ተነሳሁ። የእናቴ ትእዛዝ አንድ ነበር፦ «ሮቶው ሞልቶ አይፍሰስብኝ እንጂ ሌላው ያንተ ጉዳይ ነው።»

ፍላጎት ወይም ሪኳየርመንት የሚባለው ይህ ነው። የሚያወራው ስለ ውሃ ነው። ፕሮግራሙ ግን ውሃ አያይም። የሚያየው ሮቶው ውስጥ ያለው፣ ውሃ ሲደርስበት የሚነሳው ተንሳፋፊ መነሳት አለመነሳቱን፣ የሚያዘው ደግሞ ፓምፑን ብቻ ነው። በሚያየውና በሚያዘው ነገር ብቻ የተጻፈው መመሪያ ስፔክ ይባላል። ጥያቄው ከፍላጎቱ ወደ ስፔኩ ያለ ግምት፣ ደረጃ በደረጃ እያረጋገጡ እንዴት እንደሚደረስ ነው።

መሻገሪያው ስለ ግቢው የምናውቀው ነገር ነው። ሮቶው ውስጥ ውሃ የሚገባው ፓምፑ ሲሠራ ብቻ ነው። ስለዚህ «አይፍሰስ» የሚለው «ውሃው አፉ ሳይደርስ ፓምፑ ይቁም» ይሆናል። ውሃው አፉ መድረሱ ግን አሁንም ለፕሮግራሙ አይታየውም። ተንሳፋፊው የሚነሳው ለአፉ 20 ሴንቲ ሲቀር ነው። ፓምፑ ቢፈጥን ቢፈጥን በ3 ሰከንድ 1 ሴንቲ ይሞላል። እንግዲህ፦ «ተንሳፋፊው ከተነሳ 60 ሰከንድ ሳይሞላ ፓምፑን አጥፋ።» ስፔኩ ይኸው። 60 የሚለውን ከኪሴ አላወጣሁትም፤ ሂሳቡ ነው ያመጣው።

የሶፍትዌር ተመራማሪዎቹ ፓሜላ ዜቭና ማይክል ጃክሰን (ዘፋኙ አይደለም) እ.ኤ.አ. በ1997 ይህንን በአጭሩ አስቀምጠውታል፦ ስለ አካባቢው የሚታወቀውና ስፔኩ አንድ ላይ ሆነው ፍላጎቱን የግድ ማስከተል አለባቸው። ሰው የሚሸወደው ብዙ ጊዜ «የሚታወቀው» ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. መስከረም 14 ቀን 1993 ዋርሶ ላይ ያረፈው የሉፍትሃንዛ ኤርባስ ኤ320 መሬት መንካቱን የሚለየው በጎማዎቹ መሽከርከርና በእግሮቹ ላይ በሚያርፈው ክብደት ነበር። ማኮብኮቢያው ውሃ አዝሎ ስለነበር ጎማዎቹ ቶሎ አልተሽከረከሩም። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሆኖ ሶፍትዌሩ ገና አየር ላይ ያለ መሰለው፤ ማቆሚያዎቹ ዘገዩ። 2 ሰዎች ሞቱ። ሶፍትዌሩ የታዘዘውን ነው ያደረገው።

እኛ ቤት ደግሞ አንድ ጧት ግቢው ጨቅይቶ አገኘነው። ኮዱን ሦስቴ አየሁት፣ ምንም የለበትም። ለካ ሌሊት የመስመሩ ግፊት ሲበረታ ውሃው በቆመው ፓምፕ ውስጥ እያለፈ ይወጣል! «ፓምፑ ሲሠራ ብቻ» ያልኩት ሐሰት ነበር። በኤሌክትሪክ የሚዘጋ ቫልቭ ገዛን፤ እኔም 60 ሰከንዱን ሰርዤ የመስመሩን ግፊት ሂሳቡ ውስጥ አስገብቼ እንደገና ማስላት ጀመርኩ።