ኮንክሪቱ ደርቆ ሳለ ውሃ የምናጠጣው ለምንድን ነው?

ጓሮው ውስጥ ለዕቃ ቤት ወይም ለሮቶ ማስቀመጫ ወለል ያስሞላ ሁሉ ይህን ይጠይቃል። ኮንክሪት የሚጠነክረው ውሃው ተኖ ስላለቀ አይደለም። ሲሚንቶው ከውሃው ጋር ተዋህዶ ነው ድንጋይ የሚሆነው። ውሃው ቶሎ ከጠፋ መጠንከሩ መሃል ላይ ይቆማል። ላዩ ይሰነጣጠቃል፣ በተጠረገ ቁጥር አቧራ ይሆናል።

ስለዚህ በማግስቱ ተረገጠ ማለት ጭነት ይችላል ማለት አይደለም። 2,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ውሃው ብቻ 2 ቶን ይመዝናል። ይህን በ3ኛው ቀን ላዩ ላይ መጫን፣ እባካችሁ፣ ገንዘባችሁን መበተን ነው።

በተለመደው ሲሚንቶ ቢያንስ 7 ቀን እርጥብ ይሁን። ጥንካሬው የሚለካው ደግሞ በ28ኛው ቀን ነው። ይህ የታወቀ ነው።

የሚለያየው እንደ ቦታው ነው። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነች ውሃው ቶሎ ይተናል። ደጋግሞ ማጠጣት፣ እርጥብ ጆንያ ወይም ላስቲክ ማልበስ ይበጃል። ደሴ ላይ ብርዱ መጠንከሩን ያዘገየዋል፤ ከመጫናችሁ በፊት ጥቂት ቀን ጨምሩ። ውፍረቱና ከሥር የሚነጠፈው ድንጋይ እንደ አፈሩ ነው፤ መረሬ (ጥቁር ሸክላማ አፈር) ከሆነ ባለሙያ ሳያየው አትጀምሩ።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣባችሁ ከሆነ ከሙሌቱ በፊት በርሜል ሙሉ።