«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም»፦ ኩባ ከፊደል ካስትሮ በኋላ

አንድ ሹም ተነስቶ ሌላው በተተካ ማግስት ይህች ተረት ከአንድ ሰው አፍ ሳትወጣ አትቀርም። ታክሲ ውስጥም፣ ቢሮም፣ ለቅሶ ቤትም። «ተወው ባክህ፣ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም!» ይባላል፤ ወሬውም እዚያው ይዘጋል።

ተረቷ የማድቤት ልጅ ናት። ጉልቻ ድስት የሚጣድባቸው ሦስት ድንጋዮች ናቸው። እንጨቱ በመሃላቸው ይማገዳል። ባለሙያ ሴት እሳት የማይሰነጥቀውን ድንጋይ ትመርጣለች። አንዱ ካጠረ ድስቱ እንዳያዘም ከሥሩ ጠጠር ትወሽቃለች። ጉልቻ ቁም ነገር ስለሆነም ነው ትዳር የያዘ ሰው «ሦስት ጉልቻ መሠረተ» የሚባለው። ጣዕም ግን ከድንጋይ አይመጣም። ወጡን ወጥ የሚያደርገው ቁሌቱ፣ በርበሬው፣ ቅቤው፣ የእሳቱ ልክና የሠሪዋ እጅ ነው። ቁሌቱ ካረረ ሦስቱንም ድንጋይ ብትቀይር ያው ያረረ ነው።

ይህን አባባል ከየትኛውም አገር ይልቅ የማስበው ከኩባ ጋር ነው። (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ፊደል ካስትሮ በ1959 ሥልጣን ያዘ። በኅዳር 25 ቀን 2016 በ90 ዓመቱ ሞተ። ዜናው እንደተሰማ ማያሚ ያሉ ስደተኛ ኩባውያን በሌሊት አደባባይ ወጥተው ድስትና መጥበሻ እየደበደቡ ጨፈሩ። በደሴቲቱ ደግሞ የዘጠኝ ቀን ሐዘን ታወጀ፤ አመዱ ከሃቫና እስከ ሳንቲያጎ ደ ኩባ በመኪና ተጉዞ ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ውስጥ አረፈ። ያለቀሰውም የጨፈረውም አንድ ዘመን ያበቃ መስሎት ነበር።

ጉልቻው ግን ከተቀየረ ቆይቷል። ፊደል በ2006 ሲታመም ሥልጣኑን ለወንድሙ ለራውል አስረከበ። በ2008 ራውል በይፋ ፕሬዚዳንት ሆነ። በ2018 ቦታው ለሚጌል ዲያስ-ካኔል ተላለፈ። ይህ ሰው የተወለደው ከአብዮቱ በኋላ፣ በ1960 ነው። በ2021 የፓርቲውን የበላይነትም ያዘ። ሦስት ሰው ማለት ነው።

ድስቱስ? በ2019 የጸደቀው ሕገ መንግሥትም የኮሚኒስት ፓርቲውን የአገሪቱ የበላይ መሪ ኃይል አድርጎ አስቀጥሎታል። ሌላ ፓርቲ አይወዳደርም። ዋና ዋናዎቹ ሆቴሎችና ብዙው የውጭ ምንዛሪ ጋኤሳ በሚባለው የጦር ሠራዊቱ ኩባንያ እጅ ናቸው። ገበሬው ከምርቱ ድርሻ ለመንግሥት የሚያስረክበው መንግሥት በተመነው ዋጋ ነው። ከ1962 ጀምሮ የነበረው የራሽን ደብተርም አለ፤ የሚያስገኘው ግን እያነሰ ሄዷል። በ2024 ለአንድ ሰው በቀን የሚታደለው ዳቦ ከ80 ግራም ወደ 60 ግራም ወረደ። አንዲት ትንሽ ዳቦ ናት፣ እሷም ተቀነሰች። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ አንቶኒዮ ጊቴራስ የሚባለው ትልቁ የኃይል ማመንጫ ቆመና መላ ደሴቲቱ ጨለመች። ሰዎች በጨለማው መንገድ ወጥተው ባዶ ድስት ደበደቡ። ማያሚ ላይ በደስታ የተመታው ድስት እዚህ በረሃብ ተመታ። ብዙው ወጣት ደግሞ ከአገር ወጣ፤ ከ11 ሚሊዮን በላይ የነበረው ሕዝብ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 10 ሚሊዮን ገደማ ወረደ።

እውነት ለመናገር ተረቷ ሁሉን አትሸፍንም። ራውል ቤትና መኪና መሸጥ መግዛትን ፈቀደ። በ2013 ከአገር ለመውጣት ይጠየቅ የነበረውን የመውጫ ፈቃድ አስቀረ። ልጇን ለማየት ስትለምን ለኖረች እናት ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ማንም እንዳያቃልለው። ከኦባማ ጋርም ታረቀ፣ ምንም እንኳ ብዙ ባይዘልቅ። በ1962 የተጣለው የአሜሪካ ማዕቀብም አለ። ሶቪየት ኅብረት በ1991 ከፈረሰች በኋላ ደግሞ አገሪቱ በቬኔዝዌላ ነዳጅ ላይ ተደገፈች፤ እሱም ቀነሰ። ችግሩን ሁሉ በሃቫና ሰዎች ላይ ብቻ መደፍደፍ ግፍ ነው።

ለእኛ ኩባ ሩቅ አገር አይደለችም። በኦጋዴን ጦርነት ኩባውያን ከኢትዮጵያውያን ጎን ሞተዋል፤ አዲስ አበባ የሚገኘው የትግላችን ሐውልት ያስታውሳቸዋል። በዚያ ጦርነት አባታቸውን ያጡ ልጆቻችን በኩባ የወጣቶች ደሴት ተምረው አድገዋል። ስለዚህ ይህን ተረት በኩባ ላይ ስተርት ለመሳለቅ አይደለም። ያ ሕዝብ ከዚህ የተሻለ ይገባዋል።

ብዙ ሰው ተረቷን ተስፋ መቁረጫ ያደርጋታል። «ማንም ቢመጣ ያው ነው» ለማለት። እኔ አልስማማም። ተረቷ ወጡ አይጣፍጥም አላለችም። ድንጋዩን ትታችሁ ድስቱን ክፈቱ ነው ያለችው።

ከፊደል ቀብር በኋላ «ራውል ሲያልፍ ያኔ ይለይለታል» የሚሉ ተነሱ። ይህ እንደገና ጉልቻ መቁጠር ነው። እኔ የማየው ሌላ ነው። ገበሬው ሩዙን በራሱ ዋጋ ለፈለገው ይሸጣል ወይ? በ2021 የተፈቀዱት ትናንሽ የግል ድርጅቶች ሳይሸማቀቁ ይሠራሉ ወይ? በዚያው ዓመት ሐምሌ አደባባይ ወጥተው የታሰሩት ሰዎች ሁሉ ነፃ ወጥተዋል ወይ? በምርጫ ወረቀቱ ላይ የሌላ ፓርቲ ስም ይሰፍራል ወይ?