«መቼ ነው የምትመረቂው?» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

ሰው ሥራሽ ምንድን ነው ሲለኝ «ክትባት ከተወጉ በኋላ ሰውነት ምን እንደሚሠራ አጠናለሁ» እላለሁ። አሜሪካ ፖስትዶክ ከሆንኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጡት አስተያየቶች አንድ ዓይነት ናቸው።

«ፖስትዶክ ማለት ገና ተማሪ ነው»

እናቴ በየበዓሉ ትደውልና «ልጄ፣ ይሄ ትምህርት አያልቅም እንዴ?» ትለኛለች። አልቋል፣ እማዬ። ፖስትዶክ ዶክትሬቱን ጨርሶ በአንድ ፕሮፌሰር ላብራቶሪ በኮንትራት የሚሠራ ተመራማሪ ነው። ደመወዝ አለው፤ ፈተናና ምረቃ የለውም። «ዶክተር ስለሆነች በብር ትጫወታለች» የሚሉም አሉ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ2024 ለጀማሪ ፖስትዶክ ያወጣው እርከን በዓመት 61,008 ዶላር ነበር። ግብሩንና የቤት ኪራዩን እናንተ ቀንሱለት።

«ክትባት ትሠራላችሁ»

እኔ አልሠራም። የእኔ ሥራ ክትባቱ ከተወጋ በኋላ ይጀምራል። የሚመራውም በሰውነት ቀን መቁጠሪያ ነው።

ለምሳሌ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት የተወጋ ሰው ደም ውስጥ፣ አንቲቦዲ (ጀርም ላይ የሚጣበቅ የመከላከያ ፕሮቲን) የሚያመርቱ ሴሎች በ7ኛው ቀን ገደማ በብዛት ይታያሉ። ጥቂት ቀን ቆይተው ከደሙ ይጠፋሉ። ስለዚህ በጎ ፈቃደኛው ሰኞ ከተከተበ በሚቀጥለው ሰኞ መምጣት አለበት። አልተመቸኝም ብሎ ሐሙስ ቢመጣ ወፍ የለም።

ደሙ ሲደርሰኝ ፊኮል የሚባል ፈሳሽ ያለበትን ቱቦ አጋድዬ፣ ደሙን ከፈሳሹ ላይ ቀስ አድርጌ አንጠባጥባለሁ። እጅ ከተንቀጠቀጠ ሁለቱ ይደባለቃሉ። (ሦስተኛውን ቡና የጠጣሁ ቀን ይህን ሥራ ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።) ሴንትሪፊውጅ ውስጥ ሲሽከረከር ቆይቶ ሲወጣ ቀዩ ከታች ይዘቅጣል፣ ቢጫው ፕላዝማ ከላይ ይቀራል። መሐል ላይ እንደ ወተት ስልባቦት የሳሳች ነጭ መስመር አለች። ያ ሁሉ ጥንቃቄ ለእሷ ነው፤ የሰውነት መከላከያ የሆኑት ቲ ሴሎችና ቢ ሴሎች እዚያ ናቸው። በኋላ የምንፈልጋቸውን በደቂቃ አንድ ዲግሪ ያህል እያቀዘቀዝን፣ በመጨረሻ ፈሳሽ ናይትሮጅን ባለበት ማጠራቀሚያ እናስቀምጣቸዋለን። ቶሎ ከቀዘቀዙ ይሞታሉ።

«ትኩሳት ካልያዘኝ አልሠራልኝም»

ክንዱን እንኳን ሳያመው ጥሩ አንቲቦዲ የሚያወጣ ሰው ሞልቷል። ትኩሳት አለመኖሩ ብቻውን ምንም አይነግረንም።

«አንቲቦዲዬ ወርዷል፣ መከላከያዬ አለቀ»

ይህን በጣም እሰማለሁ፤ የተማረ ሰውም ይለዋል። አንቲቦዲ ከክትባት በኋላ ከፍ ብሎ ከዚያ መውረዱ ተፈጥሯዊ ነው። ሁሌም እንደ መጀመሪያው ወር ቢቀጥል ደማችን መፍሰስ ባቃተው ነበር።

እድርን አስቡ። እድርተኛው በአዘቦት ቀን በየቤቱ ነው፤ መንገድ ላይ ቆሞ አታዩትም። ጡሩምባ ሲነፋ ግን ሁሉም ነቅሎ ይወጣል። የሚያስታውሱት ቢ ሴሎችና ቲ ሴሎችም እንደዚያ ናቸው። መቅኒ ውስጥ ደግሞ ለዓመታት ትንሽ ትንሽ አንቲቦዲ የሚያመርቱ ሴሎች ይኖራሉ።

ጥሩ ማሳያው የቢጫ ወባ ክትባት ነው። እኛ አገር ቢጫ ወባ ቀልድ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በተነሣው ወረርሽኝ ወደ 30,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል። ለጉዞ የሚያዘው ቢጫ ካርድ ድሮ በየ10 ዓመቱ ይታደስ ነበር። አንድ መርፌ ለአብዛኛው ሰው ዕድሜ ልክ እንደሚበቃ ሲታወቅ፣ ደንቡ ተለውጦ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ሁሉም ክትባት ግን እንዲህ አይደለም። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ መልኩን ስለሚቀያይር እድርተኛው የድሮውን ፊት ይዞ አዲሱን ላያውቀው ይችላል። በየዓመቱ ተከተቡ የምንባለው በዋናነት ለዚህ ነው።

«የኮቪድ ክትባት በአንድ ዓመት ተፈበረከ»

በአንድ ዓመት ያለቀው የመጨረሻው ክፍል ነው። ለኤምአርኤንኤ የኮቪድ ክትባቶች መሠረት ከጣሉት አንዷ ካታሊን ካሪኮ ከሃንጋሪ ፊላደልፊያ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፣ እሷም ለፖስትዶክ። በ1995 ከነበረችበት ደረጃ ዝቅ ተደረገች። ከሥራ ባልደረባዋ ከድሩ ዋይስማን ጋር ሆና የኤምአርኤንኤን (ለሴል የፕሮቲን አሠራር መመሪያ የሚያደርስ ሞለኪውል ነው) አንድ ፊደል ለወጥ በማድረግ ሰውነት እንዳይቆጣበት የሚያደርገውን መንገድ በ2005 አሳተመች። ኖቤሉ የመጣው በ2023 ነው። ማዕረግ ሲቀንሱባት ቤተሰቦቿ ምን እንዳሏት ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

«ቅዳሜና እሁድማ ታርፊያለሽ»

አንድ በጎ ፈቃደኛ ከተከተበ በኋላ ደም የሚሰጥበት 28ኛ ቀን ገና ላይ ዋለ። ፈረንጆቹ የእነሱን ካከበሩ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው። ሁለቱም እጄ ጓንት ውስጥ ነው፣ ቱቦው እንደተጋደለ ነው። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ይጮሃል። ማን እንደሆነች አውቄያለሁ፤ ምን ልትጠይቀኝ እንደሆነም።