የኦላውዳ ኢኩያኖ ምስል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በእንግሊዝ አገር፣ በኤክሰተር ከተማ ሙዚየም ውስጥ ቀይ ኮት የለበሰ ጥቁር ሰው የሚታይበት የቀለም ቅብ ሥዕል አለ። ይህ ሥዕል የጸረ ባርነት ታጋዩ የኦላውዳ ኢኩያኖ ነው እየተባለ ለብዙ ዓመታት በመጻሕፍት ሽፋን ላይ ጭምር ሲታተም ኖሯል።

«ሥዕሉ የኢኩያኖ ነው።» አይደለም። የልብሱን ስፌት የመረመሩ ባለሙያዎች ሥዕሉ በ1750ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ገደማ እንደተሠራ ይገምታሉ፤ ኢኩያኖ ግን በራሱ አነጋገር የተወለደው በ1745 በመሆኑ፣ በዚያን ጊዜ በጦር መርከብ ላይ አንድን የባሕር ኃይል መኮንን የሚያገለግል ባሪያ ልጅ ነበር። ነጻነቱን በ40 ፓውንድ የገዛው በ1766 ነው። በሥዕሉ ላይ ያለው ደግሞ በሚገባ የለበሰ ጎልማሳ ነው።

«እንግዲያውስ የኢግናቲየስ ሳንቾ መሆኑ ተረጋግጧል።» ሳንቾ በዚያው ዘመን በለንደን የኖረ ጥቁር ጸሐፊና የሙዚቃ ደራሲ ነው፤ ሥዕሉ የእርሱ ነው መባሉ ግን የአንዳንድ ተመራማሪዎች ግምት እንጂ የተቆረጠ ነገር አይደለም። የሳንቾ መሆኑ የማያጠራጥረው ምስል ቶማስ ጌንስቦሮ በ1768 የሣለውና ዛሬ በካናዳ፣ ኦታዋ የሚገኘው ነው።

«የኢኩያኖ እውነተኛ መልክ አልተገኘም።» ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ መልኩን እርሱ ራሱ አስቀምጦልናልና። በ1789 የሕይወት ታሪኩን በራሱ ኃላፊነት ሲያሳትም፣ ዊልያም ዴንተን የሣለውንና ዳንኤል ኦርም በመዳብ የቀረጸውን ምስሉን በመጽሐፉ መግቢያ ላይ አኖረ። ፊቱን ወደ አንባቢው መልሶ መጽሐፍ ቅዱስ ይዟል፤ የተከፈተውም የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 4 ቁጥር 12 ላይ፣ «መዳንም በሌላ በማንም የለም» ከሚለው ቃል ነው። የባሪያ ንግድ ደጋፊዎች አፍሪካዊን ከሰው በታች አድርገው በሚከራከሩበት ዘመን፣ ማንበቡንና ማመኑን መጽሐፉን ለሚገዛ ሁሉ በግልጽ የሚያሳይ ምስል መምረጡ ከሙግቱ ተለይቶ የሚታይ አይመስለኝም።

«ሁለቱም ጥቁሮች፣ ሁለቱም የዚያ ዘመን ሰዎች ናቸው፤ ቢለዋወጡ ምን ችግር አለው?» ኢኩያኖ በልጅነቱ ጌታው ጉስታቭስ ቫሳ የሚል ስም ሲያወጣለት አልቀበልም ብሎ የተመታ ሰው ነው። በመጽሐፉ ርዕስ ላይ ሁለቱንም ስሞች ሲያጽፍ የትውልድ ስሙን አስቀደመ፤ «በራሱ የተጻፈ» የሚልም ጨመረበት። ለእንዲህ ያለ ሰው የሌላ ሰው ፊት መስጠት ተገቢ አይደለም፤ የኤክሰተሩ ሰውም ቢሆን የራሱ ታሪክ ሳይፈለግለት በሌላ ስም ሲጠራ ኖሯል።