በጎንደር የአረጋውያን መጦሪያ፦ ከቀለብ ባሻገር

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ምርቃት ከጎንደር ሽማግሌዎች አፍ ዛሬም አይጠፋም። በውስጡ ሁለት የእርጅና ስጋቶች አሉ፦ በቁም የሚያኖር ማጣትና በሞት ጊዜ አፈር የሚያለብስ ማጣት። መጦሪያ፣ ጡረታና ጧሪ የሚሉት ቃላት ሁሉ «ጦረ» ከሚለው ግስ የወጡ ናቸው፤ ወላጅን መጦር ደግሞ የልጅ ወግ ነው። ስለዚህ ለብዙ አዛውንት መጦሪያ ቤት መግባት ልጅ እንደሌላቸው ወይም ልጅ እንደከዳቸው በአደባባይ እንደመናገር ይከብዳል። ሐዘኑ የሚጀምረው ገና የቤቱን ደጅ ሳይረግጡ ነው።

በቀደመው ልማድ ጧሪ ያጣ ሰው ጎረቤት፣ ማኅበርና ሰንበቴ ይደግፉት ነበር። አርባ አራት ታቦት አላት በምትባለው ከተማ ደጀ ሰላም የተጠጋም፣ ባል ሞቶባት ቆብ ጭና እማሆይ የተባለችም ጥቂት አይደሉም። በሙስሊሙ ዘንድ ዘካና ሰደቃ ይህንኑ ሸክም ያግዛሉ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እንክብካቤ እንዲደረግ ያዛል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በ1991 እ.ኤ.አ. ባጸደቃቸው 18 የአረጋውያን መርሆዎች ክብርን ከእንክብካቤ ለይቶ ራሱን ችሎ አስቀምጦታል። መለየቱ ተገቢ ነው፤ በልቶ የሚያድር ሁሉ ተከብሮ ያድራል ማለት አይደለምና።

ክብር ከአጠራር ይጀምራል። በዕድሜ የልጅ ልጅ የሚሆን ሠራተኛ «አንተ»፣ «አንቺ» ሲል አዛውንቱ ዝም ይሉ ይሆናል፤ ቃሉ ግን ሆዳቸው ይቀራል። አቋቋም ሲያስተምሩ የኖሩት መሪጌታ መሪጌታ፣ ቆብ የጫኑት እማሆይ፣ ሼሁም ሼህ መባል አለባቸው። ገላ ሲታጠቡ ወንዱን ወንድ፣ ሴቷን ሴት ማገዝ፣ ሰውነታቸውንም መሸፈን ያስፈልጋል። የራስ ጋቢ፣ መቋሚያና መቁጠሪያ ከጋራ ዕቃ ጋር ሊደባለቁ አይገባም። «ታመዋልና ይብሉ» ተብሎ በጾም ቀን የፍስክ ምግብ የሚቀርብላቸው እናት ደግሞ ተንከባከቡኝ ሳይሆን ናቁኝ ይላሉ። ጾሙን ማቅለል ካስፈለገ ከንስሐ አባታቸው ጋር ይመከራል።

በበዓል ሰሞን ጠያቂ ይጎርፋል፤ እጅ ለጉርሻ ሲዘረጋ ፎቶ ይነሣል። ሳይጠየቁ መነሣት፣ እንጀራ ሲቀበሉ በማኅበራዊ ሚዲያ መታየት፣ በተለይ የቀድሞ ጎረቤት ሊያየው በሚችልባት ከተማ ከባድ ውርደት ነው። ይህ ልማድ መቆም አለበት።

አረጋዊ መቀበል ብቻ ሲሆን ይሰበራል፤ መስጠትም ይፈልጋል። ቡና ሲፈላ አቦሉን ለታላቁ ማቅረብና «ይመርቁን» ማለት፣ ለባልቴቷ እንዝርትና ጥጥ ማምጣት፣ የተጣሉትን እንዲያስታርቁ ሽማግሌውን ማስቀመጥ ወጪው ትንሽ ነው። ለከተራ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ መራመድ ያልቻሉትን መንገድ ዳር ድረስ ማድረስም እንዲሁ።

ድብርት በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ በስሙ አይጠራም። «ሆዴ ይባባል»፣ «እንቅልፍ ከዳኝ»፣ «ወገቤን» ይባላል፤ ዝምታና ምግብ መተውም ምልክት ናቸው። «እርጅና ነው» ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው፤ ድብርት ይታከማል። በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ የባለሙያ ዕርዳታ ሩቅ አይደለም።

የቀባሪው ጉዳይ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አረጋዊው ሰፈር ለቅቆ የእድር መዋጮው ሲቋረጥ ከመዝገብ ሊሰረዝ ይችላል። መጦሪያው መዋጮውን ቢቀጥልለት ወይም ከእድሩ ዳኛ ጋር ቢነጋገር የሚያስጨንቀው ነገር ይቀልለታል። ሲገባ በሚሞላው ቅጽ ላይ የክርስትና ስሙ፣ የንስሐ አባቱና ማረፍ የሚፈልግበት ደብር ይጻፍ፤ ፍትሐት የሚደረገው በክርስትና ስም ነው። ለሙስሊሙም ጀናዛውን የሚያጥቡት እነማን እንደሆኑና የትኛው መስጊድ እንደሚጠራ አስቀድሞ ይያዝ፤ ቀብሩ አይዘገይምና።