«አንድ ቤት ስለምናድር ተቀራርበናል» እና ሌሎች ቤተሰብ የሚያራርቁ አመለካከቶች

ወሎ የፍቅር አገር ይባላል። እንግዳ ሲመጣ የምናደርገውን ያየ ሰው ይህን አይክድም። ለእንግዳ የምንሰጠውን ጊዜና ጆሮ ግን ለገዛ ልጆቻችን ስንሰስት አያለሁ። ከደሴ እስከ ቆቦ በየቤቱ የሚሰሙ አንዳንድ አባባሎችም ስስቱን ትክክል ያስመስሉታል። አንድ በአንድ እንያቸው።

«አንድ ቤት ስለምናድር ተቀራርበናል»

አብሮ ማደርና መቀራረብ ለየቅል ናቸው። አባት ዜና ላይ፣ ልጅ ቲክቶክ ላይ፣ እናት ማጀት። ሁሉም ቤት አሉ፤ ማንም ከማንም ጋር የለም።

ይህን ለማስተካከል አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም፤ ቡናው አለልን። ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ችግሩ ጎረቤት ይጠራል እንጂ ልጅ አይጠራም። «ሂድ ውጭ ተጫወት፤ የትልቅ ሰው ወሬ አትስማ» ይባላል። ለልጅ ጆሮ የማይሆን ወሬ መኖሩ እውነት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ግን የቤቱ ሰው ብቻ የሚጠጣው ቡና ይኑር። ልጁ ቆሎውን ያዙር፤ ልጅቷ «አቦል ጀባ» እያለች ታድል፤ አባትም ስልኩን አስቀምጦ ይቀመጥ። መጨረሻ ላይ ዱዓው ወይም ምርቃቱ ልጆቹን በስም እየጠራ ይሁን። «የሰኞውን ፈተና ያቅናልሽ» የተባለች ልጅ፣ አባቷ የፈተናዋን ቀን ጭምር እንደሚያውቅ ሰማች ማለት ነው። ይህ ከአንድ ሰዓት ምክር ይበልጣል።

«ብር እየላክሁ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

ይህን የማነሳው ላኪዋን ለመውቀስ አይደለም። ከደቡብም ከሰሜንም ወሎ ሳዑዲ፣ ቤሩት፣ ዱባይ ሄደው በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ብዙ ናቸው። ቤት የተሠራው፣ ታናሽ የተማረው በእነሱ ላብ ነው። ግን ስልኩን ስሙት፦

«እማ፣ ብሩ ደረሰ?»
«ደረሰ ልጄ፣ አልሐምዱሊላህ።»
«ልጁስ?»
«ደህና ነው፣ ትምህርት ቤት ነው። ቆርቆሮው ግን ጨምሯል፤ የተላከው አይበቃም ነው የሚሉት።»
«እሺ፣ ወር ሲደርስ እጨምራለሁ።»

ተዘጋ። ልጁ በዚህ ጥሪ ውስጥ የለም። እሷም የለችም፤ ትታመም፣ ይድከማት፣ የጠየቃት የለም።

የብር ጥሪና የጨዋታ ጥሪ ይለያዩ። የጨዋታው ጥሪ እሷ በምታርፍበት፣ ልጁም ቤት በሚሆንበት ሰዓት ይሁን። ትንሽ ልጅ «እንዴት ነህ?» ሲባል «ደህና» ብሎ ዝም ይላል፤ ስለዚህ የሚያሳየው ነገር ይስጡት። ደብተሩን ያሳያት። ግልገል የወለደችውን ፍየል ያሳያት። እሷም ተረት ትንገረው፤ መጨረሻውን ለሚቀጥለው ጥሪ ታቆይለት። የልጁ ትምህርት ቤት ሲመረጥ፣ የበዓል ልብሱ ሲገዛ ትጠየቅ። ከፋዩዋ እሷ ስለሆነች አይደለም፤ እናቱ ስለሆነች ነው።

ለአያቶችም አንድ ነገር ልበል። ልጁ ሲያጠፋ «ቆይ ለእናትህ ባልነግራት!» ማለት ይቅር። ሩቅ ያለች እናት ማስፈራሪያ ብቻ ከሆነች ልጁ ስልኩ ሲጠራ ይሸሻል። ጎበዝ ሲሆን ይደወልላት።

«አባት ካልተፈራ አይከበርም»

ዳያና ባውምሪንድ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የወላጆችን አያያዝ አጥንታ ነበር። በራሳቸው የሚተማመኑና ራሳቸውን መግዛት የሚችሉ ሆነው ያገኘቻቸው፣ ሥርዓትም ፍቅርም ያለበት ቤት ያደጉትን ነው። ዱላ ብቻ የነገሠበት ቤትም፣ ሁሉ የተፈቀደበት ቤትም ያን ያህል አልሆኑም።

በእኛ አገር ጉዳዩ ከዚህም ይከፋል። የተፈራ አባት ወሬ አይደርሰውም። ደላላ መጥቶ «በጅቡቲ አድርጌ አሻግርሃለሁ» ሲል ልጁ ለጓደኛው ይነግራል፣ ለአጎቱ ልጅ ይነግራል። አባት የሚሰማው ልጁ መንገድ ከጀመረ በኋላ፣ ገንዘብ አምጣ ሲባል ነው። ልጁ ቀድሞ እንዲነግረው ከፈለገ፣ ትንንሽ ጥፋቶችን ሳይጮህ መስማት መልመድ አለበት። ቅጣት ካስፈለገ ሰምቶ ከጨረሰ በኋላ ይቅጣ።

«የሚዋደዱ ሰዎች አይጣሉም»

ይጣላሉ። ኤድዋርድ ትሮኒክ የተባለ ተመራማሪ እናቶችን ከሕፃናቶቻቸው ጋር ሲያጠና፣ በጤናማ ግንኙነት ውስጥ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ እንደማይግባቡ አይቷል። የሚያቀራርባቸው ካለመግባባት በኋላ ተመልሰው መገናኘታቸው ነበር። የእኛ ሰው ለመመለሻው «አፉ በለኝ» የሚል አለው። ጎረቤት ሲጋጭ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ አበጋር የሚባለው የአገር አስታራቂ ተጠርቶ አፉ ይባባላል። እናት ልጇን ያለ ጥፋቱ ስትቆጣ ግን ነገሩ በዝምታ ያልፋል። «ተሳስቼ ነው የተቆጣሁህ፤ አፉ በለኝ ልጄ» ብትለው ክብሯ አይቀንስም። እሱም ነገ ለእህቱ እንዲህ ማለትን ይማራል።

«ሃይማኖት የለያየው ቤተሰብ አይገጥምም»

ለዚህ ወሎ ራሱ ይመስክር። አጎት ሐጂ፣ የእህት ልጅ ዲያቆን የሆነበት ቤት አለ። ሠርግ ሲደገስ ለሁለቱም ይታረዳል፤ ለሙስሊሙ በሙስሊም እጅ፣ ለክርስቲያኑ በክርስቲያን። ድስቱ ይለያል፣ ጭልፋው ይለያል። ዘመድ ግን አንድ ዳስ ውስጥ ነው፤ ሐዘን ሲመጣም ቅሬው፣ ማለትም የሠፈሩ እድር፣ አብሮ ይቀብራል። እዚህ ቤት መቀራረቡ የሚመጣው ልዩነቱን በግልጽ አውቆ ከማሰናዳት ነው። «ምን ችግር አለው፣ ብሉ» ብሎ የሚያስጨንቅ ዘመድ ለፍቅር ቢልም ያርቃል። አስቀድሞ የጠየቀ ያቀርባል።

«ያለፈው መከራ ለልጅ አይወራም»

ብዙ የወሎ ቤት ስለ 1966 እና 1977 ረሃብ ዝም ይላል። ልጆቹን ላለማሳዘን ነው፤ ይገባኛል። ይሁን እንጂ ሮቢን ፊቩሽና ማርሻል ዱክ የተባሉ የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ልጆችን ስለ ቤተሰባቸው 20 ጥያቄ ጠይቀው ነበር፦ ወላጆችህ የት ተገናኙ፣ አያትህ የት አደጉ፣ ቤተሰቡ ምን ችግር አሳለፈ የሚሉ ዓይነት። የበለጠ የሚያውቁት ልጆች ለራሳቸው ያላቸው ግምት ከፍ ያለ፣ ቤተሰባቸውም ይበልጥ የተሳሰረ ሆኖ ተገኝቷል።

አነጋገሩ ግን ይለያያል። መከራውን ብቻ ነግሮ ማቆም ልጅን ያስፈራል፤ እንዴት እንደታለፈ አብሮ ይነገር። ስለዚህ ልጁ አያቱን «ረሃቡ እንዴት ነበር?» ከሚላቸው «ያኔ ማን አስጠጋችሁ? ከቤተሰቡ ማን ወዴት ሄደ?» ቢላቸው ይሻላል። በ1977 በሰፈራ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ መተከል የሄደ ሰው ስም ይነሳ ይሆናል። ልጁ የአያቱን ድምፅ በስልኩ ይቅዳ። የተነሳው ዘመድ ወይም ልጆቹ በሕይወት ካሉ፣ ቁጥራቸው ይፈለግና አያት ራሳቸው ይደውሉላቸው።